ሞተሩ ቢጠፋ ትንሳፈፋለች፤ ሪሲቨሩ ቢጠፋስ? ስለ ኤሌክትሪክ ሞዴል አውሮፕላን ሽቦ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በራዲዮ የሚበርሩ የኤሌክትሪክ ሞዴል አውሮፕላኖች ሽቦ እንዴት እንደሚገጠም ለጀማሪዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከተለያዩ ሰዎች ደርሶኛል። «እስኪ እየው፣ ልክ ነው ወይ?» ያሉኝም ነበሩ። አየሁት፤ ደግሜም አነበብኩት። ጸሐፊው ጉዳዩን ለማቅለል እንደደከሙበት ያስታውቃል። ከባትሪ ወደ ኢኤስሲ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሰሌዳ)፣ ከኢኤስሲ ወደ ሞተር፣ ከዚያም ወደ ሪሲቨር (የራዲዮውን ትእዛዝ የሚቀበለው ዕቃ) እና ወደ ሰርቮ (ክንፍና ጅራት ላይ ያሉትን መቅዘፊያዎች የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) የሚሄደውን መንገድ ማንም በሚገባው ቋንቋ አስረድተዋል። ሲሊኮን ልባስ ያለው፣ በቀጫጭን ፈትሎች የተሠራ ሽቦ መጠቀም እንደሚሻል የጻፉትም ትክክል ነው። ነገር ግን ከሰጧቸው ምክሮች ቢያንስ አራቱ አውሮፕላን ይጥላሉ። አንደኛውን እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ሠርቼበት አውሮፕላን አጥቼበታለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ስህተቶቹ የሚቀዱበትን ምንጭ ላሳይ። ጽሑፉ የአውሮፕላንን ሽቦ የሚያየው እንደ መብራት ሽቦ ነው፤ ከወዲህ ባትሪ፣ ከወዲያ ሞተር፣ በመሀል ሽቦው ይወፍር፣ አደጋ ሲመጣ ፊውዝ ይቁረጠው። ለመብራት ይህ ይበቃል። መብራት ቢጠፋ ጨለማ ይሆናል እንጂ ከሰማይ የሚወድቅ ነገር የለም። በሞዴል አውሮፕላን ላይ ግን ያ አንድ ባትሪ የሚመግበው ሞተሩን ብቻ አይደለም። ሪሲቨሩም፣ የክንፉና የጅራቱ ሰርቮዎችም የሚኖሩት በእሱ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሪሲቨሩ የራሱ ትንሽ ባትሪ ነበረው፤ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት የሆኑ 4 የኒኬል ካድሚየም ሴሎች፣ በድምሩ 4.8 ቮልት። ክብደት ለመቀነስ ሲባል ያ ባትሪ ወጣና በምትኩ የዋናውን ባትሪ ቮልቴጅ ወደ 5 ቮልት ገደማ አውርዶ ለሪሲቨሩ የሚሰጥ ሰርኪዩት ኢኤስሲው ውስጥ ገባ። ቤክ የምንለው ይህንን ነው፤ የስሙም ትርጉም የሪሲቨሩን ባትሪ የሚያስቀር ሰርኪዩት ማለት ነው። ክብደቱ ቀነሰ፤ ነገር ግን ሁለት የነበረው መስመር አንድ ሆነ። ሞተሩ አየር ላይ ቢጠፋ አውሮፕላኗ ትንሳፈፋለች፤ አፍንጫዋን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ሜዳ መርጦ ማሳረፍ ይቻላል። ሪሲቨሩ ቢጠፋ ግን የተወረወረ ድንጋይ ናት።

ስለዚህ በሽቦ ሥራ መጀመሪያ መትረፍ ያለበት መቆጣጠሪያው ነው፤ ሞተሩ ከእሱ በኋላ ይመጣል። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ኢኤስሲ የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው የተከተሉት ቅደም ተከተል ነው። ባትሪው ሲደክም ኢኤስሲው ምን እንደሚያደርግ አስተውሉ። የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል ወይም ሞተሩን ጨርሶ ያቆማል፤ ቤኩን ግን አይነካውም። የቀረችውን ጥቂት ጉልበት ለሰርቮዎቹ ያስቀምጣል። ጽሑፉ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል፤ ከዚህ በታች የምላቸው ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ስለሆነ ፊውዙን ላስቀድም። ጸሐፊው በባትሪውና በኢኤስሲው መካከል፣ በቀዩ ሽቦ ላይ፣ ሞተሩ ከሚወስደው ከረንት ጋር እኩል የሆነ የመኪና ፊውዝ ይግባ ይላሉ፤ ያለ ፊውዝ መብረርንም ግዴለሽነት ይሉታል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። መኪና ውስጥ ፊውዝ ሲቃጠል ሾፌሩ ዳር ይዞ ይቆማል። አየር ላይ ዳር የለም። ፊውዙ የተቀመጠው ከቤኩ በፊት ስለሆነ ሲቃጠል ሞተሩም፣ ሪሲቨሩም፣ ሰርቮዎቹም በአንድ ቅጽበት ይሞታሉ። ደግሞ የሚቃጠልበትን ሰዓት አስቡ። ከረንቱ ከፍተኛ የሚሆነው ስሮትሉ (የሞተሩ ጉልበት መስጫ) እስከ ጫፍ ሲገፋ ነው፤ ይኸውም አውሮፕላኗ ከመሬት ተነሥታ ቀጥ ብላ በምትወጣበት፣ ፍጥነቷም ከፍታዋም ትንሽ በሆነበት ሰዓት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፊውዙ ኢኤስሲውን ቢያድንልን ምናልባት ያከራክር ነበር። አያድነውም። ፊውዝ በሙቀት የሚሠራ ዘገምተኛ ዕቃ ነው። 40 ተብሎ የተጻፈበት የመኪና ፊውዝ 50 አምፔር ቢያልፍበት ለደቂቃዎች ሳይቆርጥ ሊቆይ ይችላል፤ እጥፍ ቢያልፍበት እንኳ ለሰከንዶች ሊታገስ ይችላል። ኢኤስሲው ውስጥ ከረንቱን የሚከፍቱና የሚዘጉት ሞስፌቶች ግን ከአቅማቸው በላይ ከተጫናቸው በሺኛ የሰከንድ ክፍልፋዮች ውስጥ ያልቃሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በዚያ ላይ ፊውዙ ሬዚስታንስ (ከረንቱን የሚያግድና ወደ ሙቀት የሚለውጥ ጠባይ) ይጨምራል፤ ከነማቀፊያው ደግሞ ሊላቀቁ የሚችሉ ሁለት ተጨማሪ መገጣጠሚያዎችን ያመጣል።

ፊውዝ ቦታ የሚኖረው ሪሲቨሩ ከዋናው ባትሪ ያልተገናኘ የራሱ ባትሪ ሲኖረው ብቻ ነው፤ ያኔ ቢቃጠል የሚቆመው ሞተሩ ብቻ ነውና። በትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ ከውጭ የሚነቀል የደህንነት ስፒና ማድረግም ጥሩ ነው፤ እሱ ግን ሰው በእጁ የሚነቅለው እንጂ በራሱ የሚቆርጥ አይደለም። አንድ ባትሪ ብቻ ያላት አውሮፕላን ጥበቃዋ ሌላ ነው፤ ሞተሩ 40 አምፔር ከወሰደ ኢኤስሲው የ50 ይሁን፣ ቀይና ጥቁሩ የሚነካኩበት እርቃን ቦታ አይኑር፣ ሽቦው በሹል ጠርዝ ላይ አይለፍ። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የማደስ ሐሳብ ካላቸው ከሁሉ አስቀድመው ይህን አንቀጽ እንዲያወጡት እለምናቸዋለሁ።

ሁለተኛው የራሴን አውሮፕላን የበላው ምክር ነው። ጽሑፉ ባትሪው ከኢኤስሲው ርቆ መቀመጥ ካለበት በመሀላቸው ያለውን ሽቦ የፈለጋችሁትን ያህል አርዝሙ፣ ወፍራም እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም ይላል። እኔም ያኔ ያሰብኩት እንዲሁ ነበር። አውሮፕላኗ አፍንጫዋ ከብዶ ስላስቸገረኝ ሚዛኗን ለመጠበቅ ባትሪውን ወደ ኋላ ወሰድኩት። ኢኤስሲውን ነፋስ እንዲያገኘው ፊት ለፊት፣ ከሞተሩ ሥር ተውኩት። በመሀል 30 ሴንቲ ሜትር ቀይ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ጥቁር ሽቦ ቀጠልኩ። ሽቦው ከበቂ በላይ ወፍራም ነበር። መሬት ላይ ስሮትሉን እስከ መጨረሻው ገፍቼ ሞከርኩት፤ ምንም። አራት ጊዜ በረረች። በአምስተኛው፣ በግማሽ ስሮትል ረጋ ብላ ስትዞር፣ የሞተሩ ድምፅ ሁለት ጊዜ ተቆራረጠና ጸጥ አለ። ስቲኩን ሳብኩት፤ መልስ የለም። ወርዳ መሬት ገባች።

ኢኤስሲውን ከፍቼ ሳየው የካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ጣሳዎች) አናት፣ ያ የመስቀል ጭረት ያለበት ጠፍጣፋ አሉሚኒየም፣ ወደ ላይ አብጦ ነበር። አንደኛው ተሰንጥቆ ቡናማ ፈሳሽ ሰሌዳው ላይ አፍስሷል። ከሥራቸው ያሉት ሞስፌቶች ጠቁረዋል። ሽቦው ግን እንደ አዲስ ነበር፤ ልባሱ እንኳ አልለሰለሰም። ወፍራም መሆኑ ምንም አላዋጣም ማለት ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ የጽሑፉ ትልቁ ክፍተት ይሄ ነውና። ኢኤስሲ በከፊል ስሮትል ሲሠራ ከረንቱን እንደ ቧንቧ ውኃ አያቀጥነውም፤ ይከፍተዋል ይዘጋዋል። ይህን በሰከንድ 8 ሺህ ወይም 16 ሺህ ጊዜ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ያደርገዋል። ሽቦ ደግሞ ከሬዚስታንስ ሌላ ኢንዳክታንስ የሚባል ጠባይ አለው፤ የጀመረ ከረንት በድንገት እንዲቆም አይፈቅድም፤ ሲያቆሙት በቮልቴጅ ይመልሳል። የአንድ ሜትር ሽቦ ኢንዳክታንስ በግምት 1 ማይክሮሄንሪ ነው። እኔ የቀጠልኩት ደርሶ መልስ 60 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 0.6 ማይክሮሄንሪ ገደማ ይሆናል። 40 አምፔር በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ ሲቋረጥበት 24 ቮልት ይነሣል። ይህ ሙሉ በሙሉ በተሞላ ባለ 3 ሴል ባትሪ 12.6 ቮልት ላይ ሲደመር ከ36 ያልፋል። ብዙ ትንንሽ ኢኤስሲዎች ውስጥ ያሉት ሞስፌቶች ደግሞ የሚችሉት 30 ቮልት ነው።

ያንን ግርፊያ የሚውጡት ኢኤስሲው መግቢያ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ናቸው። ሠሪው መጠናቸውን የወሰነው ኢኤስሲው አብሮት በመጣው አጭር ሽቦ እንደሚሠራ አስቦ ነው። ሽቦው ሲረዝም በእያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት የሚውጡት ይበዛል፤ ይሞቃሉ፤ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይደርቃል ወይም ይፈነዳል። በሙሉ ስሮትል መክፈትና መዝጋቱ ስለሚቀንስ ካፓሲተሮቹ የሚጨነቁት በከፊል ስሮትል ነው። የእኔ የመሬት ሙከራ ምንም ያላሳየኝ ለዚህ ነው። ሽቦውን ማወፈርም ሬዚስታንሱን እንጂ ኢንዳክታንሱን እምብዛም አይቀንሰውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ርቀት የግድ ከሆነ መርዘም ያለበት ከኢኤስሲ ወደ ሞተር የሚሄደው ሦስቱ ሽቦ ነው። ሞተሩ ራሱ ጥቅልል ስለሆነ የጥቂት ሽቦ ኢንዳክታንስ ቢጨመርበት አይሰማውም፤ ሦስቱ እኩል ርዝመትና ውፍረት ይኑራቸው እንጂ። በዚያ በኩል ማርዘም ካልተቻለና የባትሪው ሽቦ መርዘም ካለበት፣ ለእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ጭማሪ አንድ 220 ማይክሮፋራድ፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ ዝቅተኛ የሆነ ካፓሲተር ይጨመር፤ ብዙዎች የሚሠሩበት መመሪያ ይህ ነው። ካፓሲተሩ ኢኤስሲው አጠገብ፣ እግሩ አጥሮ ይበየድ፤ የሚችለው ቮልቴጅ ከሞላ ባትሪ በደንብ ይብለጥ፣ ለባለ 3 ሴል 25፣ ለባለ 6 ሴል ቢያንስ 35 ቮልት። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ማገላበጥ ማፈንዳት ነው። ቀይና ጥቁሩን ሽቦ ጎን ለጎን አጣብቆ ወይም ገምዶ መውሰድም ኢንዳክታንሱን ይቀንሳል፤ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ማሳለፍ ግን ያበዛዋል።

ካፓሲተር ካነሣሁ አይቀር፣ ጽሑፉ ባትሪ ሲሰካ ብልጭ የሚለውን እሳት የሾርት ምልክት ነው ማለቱ ስህተት ነው። ባዶ የነበሩት ካፓሲተሮች በአንድ ጊዜ ሲሞሉ የሚታይ ነው። በባለ 6 ሴልና ከዚያ በላይ ባትሪ ላይ ብልጭታው የስፒናውን ብረት ስለሚበላው ውስጡ ሬዚስተር ያለበት ፀረ ብልጭታ ስፒና መጠቀም ይበጃል።

ቀጥሎ ቤኩ። ጽሑፉ ኢኤስሲው ላይ ቤክ 2 አምፔር ተብሎ ከተጻፈ 2 አምፔር ነው፣ ባትሪው የፈለገውን ያህል ሴል ቢኖረው ለውጥ የለውም ይላል። ይህ ስዊቺንግ ለሚባለው የቤክ ዓይነት ከሞላ ጎደል ይሠራል። በርካሽና በትንንሽ ኢኤስሲዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ግን ሊኒየር የሚባለው ነው፤ እሱ ትርፉን ቮልቴጅ የሚያስወግደው ወደ ሙቀት በመለወጥ ብቻ ነው። ሰርቮዎቹ 1.5 አምፔር ሲወስዱ እንስላው። በተሞላ ባለ 2 ሴል ባትሪ 8.4 ሲቀነስ 5፣ 3.4 ቮልት ይተርፋል፤ በ1.5 ሲባዛ 5 ዋት ገደማ ሙቀት ነው። በባለ 3 ሴል ትርፉ 7.6 ቮልት ይሆንና ሙቀቱ ከ11 ዋት ያልፋል። ያው ቤክ፣ ያው ሰርቮ፣ ሙቀቱ ግን ከእጥፍ በላይ። ይህ ሁሉ ሙቀት ጣት ከምታህል ሰሌዳ ላይ፣ በተዘጋ ፎም ውስጥ ነው የሚወጣው። ቤኩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ያጠፋል፤ ራሱን ሲያጠፋ ሪሲቨሩ አብሮት ይጠፋል። የኢኤስሲዎች መመሪያ ወረቀት ላይ ከባለ 2 ሴል ወደ ባለ 3 ሴል ሲኬድ የተፈቀደው የሰርቮ ቁጥር የሚያንሰው ለዚህ ነው።

ስዊቺንግ ቤክ ከወሰደው ላይ አብዛኛውን ለሰርቮዎቹ ያደርሳል። ለዚያው 1.5 አምፔር 85 በመቶ ቢያደርስ ሙቀቱ ከ1.3 ዋት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ባለ 3 ሴል ባትሪና ከአራት ሰርቮ በላይ ካለ፣ ወይም ባትሪው ባለ 4 ሴል ከሆነ፣ ስዊቺንግ ቤክ ያለው ኢኤስሲ ወይም ለብቻው የሚገዛ ቤክ ያስፈልጋል። ሰርቮ ስንል ደግሞ ሥራ ፈትቶ የቆመውን አይደለም፤ 9 ግራም የምትመዝን ሰርቮ እንኳ ክንዷ ተይዞባት ስትታገል ከግማሽ አምፔር በላይ ልትወስድ ትችላለች።

ለብቻው የሚገዛ ቤክ ሲገባ፣ ወይም ሁለት ሞተር ሲኖር፣ ጽሑፉ የሳተው ሌላ ነገር ይመጣል። ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሁለቱን ኢኤስሲዎች እንዳሉ በዋይ ገመድ (ሁለቱን ወደ አንድ የሪሲቨር መሰኪያ በሚያገናኝ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ገመድ) አጣምሩ፣ ሁለት ቤክ ስለሚሆን ጉልበቱም እጥፍ ይሆናል ይላሉ ጸሐፊው። አይሆንም። ሁለት ቤኮች ፍጹም እኩል ቮልቴጅ አያወጡም። አንዱ 5.05፣ ሌላው 4.95 ካወጣ ከፍ ያለው ሸክሙን ሁሉ ይሸከማል፤ ዝቅ ያለው ከውጭ የሚመጣበትን ቮልቴጅ እያየ ሥራ ያቆማል። በተለይ ስዊቺንግ የሆኑት እርስ በርስ ሲታገሉ አንዱ ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል። መደረግ ያለበት ከአንደኛው ኢኤስሲ የሪሲቨር ገመድ ላይ መሀለኛውን ቀይ ሽቦ ማውጣት ነው። መቁረጥ አያስፈልግም። የስፒናው ፕላስቲክ ላይ ያለችውን ትንሽ ምላስ በመርፌ ቀና ስታደርጓት ብረቱ ተስቦ ይወጣል። ወደ ኋላ አጥፋችሁ በሂት ሽሪንክ (ሲሞቅ በሚሸበሸብ የፕላስቲክ ቱቦ) ሸፍኑት፤ ኋላ መመለስ ሲያስፈልግ እዚያው አለ። የሲግናሉና የኔጋቲቩ ሽቦ ይቆያሉ። መጠባበቂያ ቤክ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን የሚለይ ለዚሁ የተሠራ ዕቃ መሀል ማስገባት አለበት።

እዚሁ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣውን አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱ ኢኤስሲዎች በአንድ ባትሪ ሲሠሩ የሁለቱም ኔጋቲቭ በሪሲቨሩ በኩልም ይገናኛል። የአንደኛው ኢኤስሲ ዋና ጥቁር ሽቦ ከመገጣጠሚያው ቢላቀቅ የሞተሩ ከረንት ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ያችን ፀጉር የመሰለች የሪሲቨር ጥቁር ሽቦ ነው። እንዲህ የሆነች ሽቦ አይቻለሁ፤ ልባሷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀልጦ መዳቡ ወጥቷል፣ አጠገቧ ያለችውን የሲግናል ሽቦም አብራ አቅልጣታለች። ስለዚህ በባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ላይ የዋናው ጥቁር ሽቦ መገጣጠሚያ ከቀዩ እኩል፣ እንዲያውም ይበልጥ፣ ይጠበቅ።

ወደ መገጣጠሚያ ከመጣን፣ ጽሑፉ ሶልደር ማድረግ (ሽቦን በሊድ መበየድ) የማይችል ጀማሪ ለመጀመሪያዎቹ በረራዎች ሽቦውን ጠምዝዞ በቴፕ ቢጠቀልለው ይበቃዋል ይላል። ሒሳቡን እንሥራው። 2 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ቁጥር 14 ሽቦ አንድ ሜትሩ 8.3 ሚሊ ኦም ያህል ነው። በደንብ ያልተጠመዘዘ መገጣጠሚያ 10 ሚሊ ኦም ቢኖረው ከአንድ ሜትር ሽቦ በላይ ሬዚስታንስ በሁለት ሴንቲ ሜትር ላይ ተከመረ ማለት ነው። 40 አምፔር ሲያልፍበት 16 ዋት ሙቀት ይወጣዋል፤ ይህ የትንሽ ሶልደሪንግ አይረን ሙቀት ነው። የቴፑ ሙጫ ይለሰልሳል፣ ጠመዝማዛው ይላላል፣ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ሙቀቱ ደግሞ ይብሳል። መጨረሻው መላቀቅ ነው፤ የተላቀቀው መስመር ደግሞ የሪሲቨሩም መስመር ነው።

ሶልደር ማድረግ የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው። 60 ዋትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ጫፉ ሰፋ ያለ አይረን ያዙ። ለሬዲዮ ሰሌዳ የሚሆነው ሹል አይረን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሙቀቱ በወፍራሙ ሽቦ ተመጥጦ ያልቅና እናንተ ስትጠብቁ የስፒናው ፕላስቲክ ይቀልጣል። ሂት ሽሪንኩን አስቀድማችሁ ሽቦው ላይ አስገቡ፤ ስንቱ ሰው በይዶ ከጨረሰ በኋላ ነው ትዝ የሚለው። የሽቦውን ጫፍ ለብቻው፣ የስፒናውን ጽዋ ለብቻው ሊድ አጠጡ። ስፒናው ኤክስቲ60 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሌላኛውን ግማሽ ሰክታችሁ በይዱ፤ ፕላስቲኩ ቢለሰልስ እንኳ ብረቶቹ ሳይጣመሙ ይቆያሉ። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ የሆነው ሊድ በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ሽቦውም ጽዋውም እዚያ ሲደርሱ ሊዱ በፈትሎቹ መካከል ጠጥቶ ሲገባ በዓይን ይታያል። ከዚያ አይረኑን አንሡና ሽቦውን ሳታነቃንቁ እስኪረጋ ያዙት። አብረቅራቂና ለስላሳ ከሆነ ያዘ። ደብዝዞ እንደ አሸዋ ከቆረፈደ አልያዘም፤ እንደገና። በመጨረሻ በደንብ ጎትቱት።

የባትሪን ስፒና ስትቀይሩ ሁለቱን ሽቦዎች በአንድ መቀስ አትቁረጡ፤ መቀሱ ራሱ ሾርት ያደርጋቸዋል። ቀዩን ቆርጣችሁ፣ በይዳችሁ፣ ሸፍናችሁ ስትጨርሱ ጥቁሩን ጀምሩ። በባትሪው በኩል የሚሆነው ደግሞ ብረቱ በፕላስቲክ ውስጥ የተደበቀው ጫፍ ነው። ጽሑፉ የቱም ቢሆን ለውጥ የለውም ይላል፤ አለው። ባትሪ ሁልጊዜ ሕይወት አለው፤ ኪስ ውስጥ ካለ ቁልፍ ጋር ቢነካካ እንኳ እሳት ነው።

ስለ ባትሪው ሲ ቁጥር (ባትሪው የአቅሙን ስንት እጥፍ ከረንት መስጠት እንደሚችል የሚነግረው ቁጥር) የተጻፈውም መታረም አለበት። 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ 30 ሲ ባትሪ 66 አምፔር ስለሚሰጥ ዋትሜትር (ከረንቱንና ጉልበቱን የሚለካ ዕቃ) መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ይላል ጽሑፉ። ማባዛቱ ልክ ነው። ግን ሲ ቁጥሩ ባትሪው ምን ያህል መስጠት እንደሚችል የሻጩ ቃል ነው፤ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚጠይቅ አይናገርም። የሚጠይቀውን የሚወስነው ፕሮፔለሩ ነው። በተመሳሳይ ዙር ፕሮፔለር የሚፈልገው ጉልበት ከስፋቱ አራተኛ ኃይል ጋር ያድጋል። ባለ 9 በ6 ኢንች ፕሮፔለር (ስፋቱ 9 ኢንች፣ በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋው 6 ኢንች የሆነ) ተሰብሮ በ10 በ6 ሲተካ፣ አንድ ኢንች ብቻ ነው የጨመረው፤ ዙሩ ባይቀንስ ኖሮ የሚፈለገው ጉልበት በ52 በመቶ ያድግ ነበር። ሞተሩ ትንሽ ስለሚዘገይ ጭማሪው ሙሉ በሙሉ ይህን ያህል አይሆንም፤ ያም ሆኖ የ40 አምፔር ኢኤስሲን ለማቃጠል ከበቂ በላይ ነው። ይህን በባትሪና በኢኤስሲ መሀል ከሚገባ ዋትሜትር በቀር የሚያሳየን የለም። አውሮፕላኗን ከኋላ አጥብቆ አስሮ፣ ከፕሮፔለሩ ፊትም ጎንም ርቆ፣ በተሞላ ባትሪ ለጥቂት ሰከንዶች ሙሉ ስሮትል ሰጥቶ ማንበብ ነው። አየር ላይ ፕሮፔለሩ ስለሚቀለው ከረንቱ ከዚህ ጥቂት ይቀንሳል።

መሬት ላይ ፕሮፔለር ተገጥሞ ሞተር የሚነሣው ለዚህ ልኬት ብቻ ነው። ጽሑፉ ግን ሞተሩ በየት በኩል እንደሚዞር ለማየት ፕሮፔለሩን ገጥማችሁ ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት ይላል። ባለ 10 ኢንች ፕሮፔለር በደቂቃ 9 ሺህ ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጣት አያተርፍም። ፕሮፔለሩን አውልቁና የሞተሩ ዘንግ ላይ ትንሽ ቴፕ እንደ ባንዲራ ለጥፉ፤ አዟዟሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል። በተቃራኒው ከዞረ ከሦስቱ የሞተር ሽቦዎች የፈለጋችሁትን ሁለቱን አቀያይሩ። ጸሐፊው ቀለሙ ከቀለሙ ጋር ካልገጠመ ሞተሩ ይቃጠላል ያሉት ልክ አይደለም፤ ቀለም የሚያስፈራው በባትሪው በኩል ነው። እዚያ ቀይና ጥቁር ከተገለበጠ ኢኤስሲው ወዲያው ያልቃል።

ፕሮፔለሩ እንደወለቀ ሁለት ነገር ሞክሩ። ትራንስሚተሩን መጀመሪያ አብርታችሁ፣ ስሮትሉን ዝቅ አድርጋችሁ ባትሪውን ሰኩ። ሞተሩን በትንሹ አዙሩና ትራንስሚተሩን አጥፉት፤ ሞተሩ ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ የሪሲቨሩን ፌይልሴፍ (ሲግናል ሲጠፋ ምን እንዲያደርግ የሚወስነውን ቅንብር) እንደገና አስተካክሉ። ከዚያ ትራንስሚተሩን መልሳችሁ አብሩና ሁለቱንም ስቲኮች በየማዕዘኑ እያዞራችሁ ሰርቮዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሁለት ደቂቃ አሠሯቸው። ዓይናችሁ ሪሲቨሩ ላይ፣ ጣታችሁ ቤኩ ላይ ይሁን። ቤኩ ጣት ካላስቀመጠ፣ ወይም የሪሲቨሩ መብራት አንዴ እንኳ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ያን ቀን አውሮፕላኗ ከቤት አትወጣም።